ሠላሳኛዋ ፎቶ

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ ልጄ በረንዳው ላይ ስልኳን ይዛ ጠበቀችኝ። ነጠላዬን እንኳ ሳላጥፍ «እማ፣ ዓይንሽን ጨፍኚ» አለችኝ። ጨፈንኩ። ስገልጥ አንድ ሽማግሌ ከስልኩ ውስጥ ፈገግ ብሎ ያየኛል። ነጭ ጥምጥም፣ በደንብ የተበጠረ ሽበታም ጢም፣ አንድም ያልጎደለ ጥርስ። በእጁ መስቀል ይዟል። እጁን አውቀዋለሁ። ሰውየውን ግን አላውቀውም።

«አያቴ ነው!» አለች። «ዳዊትሽ ውስጥ ያለውን ግማሽ ፎቶ አንሥቼ ለስልኩ ሰጠሁት፤ የጎደለውን ራሱ ሞላው። አይመስልም?»

 እዚህ ጋምቤላ በየካቲት ሰው ዝም ቢል ሙቀቱ ነው ተብሎ ይታለፋል። ልጄም እንደዚያ መስሏት ቀዝቃዛ ውኃ ልታመጣልኝ ገባች። እኔ የማንጎው ጥላ ሥር ባለችው ዱካ ላይ ተቀመጥኩና የማላውቀውን ሽማግሌ አየሁት። ጥርሱ አስጠላኝ። አባቴ ከታች ሁለት ጥርስ አልነበራቸውም።

ያ ግማሽ ፎቶ ዳዊቴ ውስጥ ከገባ ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው። ለልጄ «ተበላሽቶ ነው» ብቻ ብያት አልፌአለሁ። ማን እንዳበላሸው ነግሬአት አላውቅም።

ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የዐሥረኛ ክፍል ውጤቴ አላሳለፈኝም፤ መካነ ሰላም ከተማ ውስጥ ከጋሽ ሰይድ ፎቶ ቤት ተቀጠርኩ። ሥራዬ የጉርድ ፎቶ መቁረጥ፣ ለመታወቂያ የሚነሣውን ሰው ፀጉር ማበጠር፣ ከምስማሩ ላይ የተሰቀለውን ጥቁር ኮት ማልበስና መልሶ መስቀል ነበር። ያን ጊዜ የወረዳችን የቦረና ወንድ ሁሉ መታወቂያው ላይ ያንኑ አንድ ኮት ለብሷል፤ ለአንዳንዱ እጅጌው እስከ ጣቱ ይወርዳል፣ ግን ጉርድ ፎቶ እጅ አያሳይም።

ጋሽ ሰይድ ደግ ሰው ነበሩ። የክርስቲያን ሰርግ ሲያነሡ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር በር ላይ ይቆሙና ካሜራውን አንገቴ ላይ ያጠልቁልኛል። «ሙሉ፣ ከዚህ ወዲያ ያለው ያንች ነው» ይሉኛል። እንዲህ እያልኩ ማንሣት ለመድኩ። እሳቸው የማይገቡበት ስለነበረ ነው እንጂ እኔ እጄ ለካሜራ የተፈጠረ ሆኖ አይደለም።

አባቴ መሪጌታ ነበሩ፤ ከከተማው የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ርቃ ባለችው መንደራችን ብራና የሚጽፉ ቁም ጸሐፊ። ፎቶ ተነሥተው አያውቁም። አይኮንኑትም፣ አይነሡም። መታወቂያ እንኳ ሳያወጡ ነው የኖሩት። ሰው ሲጨቀጭቃቸው «መልኬን ያየኝ ያየኛል፤ ላላየኝ ጽሑፌ ይበቃዋል» ይሉ ነበር።

ጥምቀት ባለፈ በሁለተኛው እሑድ ታላቅ እህቴ ደጊቱ በተክሊል አገባች። ጋሽ ሰይድ «የእህትሽ ሰርግ ነው፤ ከደጅም ከውስጥም አንችው አንሺ» ብለው ካሜራውን ሙሉ በሙሉ ለእኔ ተዉልኝ። ከንጋት ቅዳሴ ጀምሬ አነሣሁ። ተመልሰን ወደ ቤት ስንመጣ ሙሽሮቹ ወደ ዳሱ ከመግባታቸው በፊት የአባቴን ጉልበት ሊስሙ ተንበረከኩ። ደጊቱ አንገቷን ደፍታ፣ ማንም ሳያስበው፣ «አባባ፣ አንዲት ብቻ ይነሡልኝ። ሌላ ስጦታ አልፈልግም» አለች።

 አባቴ ወደ እኔ ዞር ብለው ካሜራውን እንደማያውቁት በሬ ከላይ እስከ ታች አዩት። ከዚያ መስቀላቸውን ከፍ አድርገው ግራ እጃቸውን እህቴ ራስ ላይ ጫኑና «አንዲት» አሉ። አነሣሁ። እናቴ እልልታዋን ለቀቀችው። ከዚያ በኋላ ያነሣሁት ጭፈራውን፣ ጠላ ቀጂውን፣ እንግዳውን ነው፤ በጠቅላላው መቶ ዐሥራ ሁለት ፎቶ።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ አባቴ ከቤቱ ጀርባ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ነበር። በዋዜማው ሌሊት ከማሕሌት የያዛቸው ብርድ ሳል ሆኖባቸዋል። ጉልበታቸው ላይ አንድ ቅጠል ብራና ዘርግተው የተሳሳተ ቃል በትንሽ ምላጭ ይፍቃሉ። ሄጄ ከአጠገባቸው ተቀመጥኩና የገዛ ፎቶአቸውን በካሜራው ትንሽ መስኮት አሳየኋቸው።

«ይህ ሽማግሌ ማነው?» አሉ። «እኔን እኔን ይላል።»

«እርስዎ ነዎት አባባ።»

«እንግዲህ አርጅቻለኋ!» ብለው ሳቁ፤ ሳሉ። «ይህች ጥግ ላይ ያለችው ቁጥርስ?»

«ሠላሳኛው ፎቶ ነዎት ማለት ነው።»

«መልካም ቁጥር ነው። ጌታ በሠላሳ ዓመቱ ነው የተጠመቀ።» የይሁዳም ብር ሠላሳ እንደ ነበረ ያን ጊዜ እሳቸውም አላነሡት፣ እኔም አላሰብኩት።

ደስ ስላላቸው ወደ ኋላ እየመለስኩ የቤተ ክርስቲያኑን አሳየኋቸው። ከዚያ ፊታቸው ተለወጠ። ቀና ብዬ ሳላስተውል፣ መጋረጃው በተከፈተበት ቅጽበት፣ እስከ መቅደሱ ውስጥ ድረስ አንሥቻለሁ። አራት ፎቶ። ካህናት እንኳ ዓይናቸውን ዝቅ የሚያደርጉበትን ነገር በእጄ ላይ ይዤ እያዞርኩ ነው። አባቴ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

«አጥፊው ልጄ። ምንም እንዳይቀር አድርገሽ አጥፊው። ይህ ወደ ገበያ የሚወጣ ነገር አይደለም።»

 መሰረዣውን ስጫን ካሜራው በእንግሊዝኛ ጠየቀኝ፤ ይህን ብቻ፣ ወይስ ሁሉንም? ያን ያህል እንግሊዝኛ አላጣሁም። ቃሉን ዐውቀዋለሁ። ግን አራት ናቸው፣ አባቴ ደግሞ ምንም እንዳይቀር ብለዋል፤ በዚያች ሰዓት ራሴ ውስጥ «ሁሉም» ማለት አራቱ ነበር። ኃጢአቴን በሙሉ ማጥፋት ፈለግሁ። ሁሉንም ብዬ ተጫንኩ።

መስኮቷ ጠቆረች። አንድም ፎቶ የለም የሚል ጽሑፍ ወጣ።

«ጠፋ?» አሉ አባቴ።

«ጠፋ።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

«እግዚአብሔር ይባርክሽ» አሉኝና ወደ ብራናቸው ተመለሱ። እስከ ዛሬ ያ ምርቃት ከሰማኋቸው ምርቃቶች ሁሉ ይከብደኛል።

ሦስት ቀን ለማንም አልተናገርኩም። ሐሙስ መልስ ነበር፤ ደጊቱ ከባሏና ከሚዜዎቹ ጋር መጣች። ወደ ጓዳ ስቤ ነገርኳት። መጀመሪያ ክንዴን ቆነጠጠችኝ፤ ከዚያ አለቀሰች፤ ከዚያ እንባዋን ጠርጋ እናቴን የሚመስል ፊት አወጣች።

«ስሚ፣ ሁሉም ሰው እዚሁ አለ። ካባውም አለ፣ ልብሱም አለ። አንድ በአንድ እንደገና አንሺ። ፀሐዩ አበላሸው እላለሁ። ለጋሽ ሰይድ እንዳትናገሪ፤ ከሥራ ያባርሩሻል።»

እንደገና ተጋቡ ማለት ይቻላል። እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር በር ወጥተን፣ ተመልሰን፣ ዳሱ ሥር ገብተን። ያልቀረበ ወጥ እንደቀረበ ሆኖ ባዶ ሳህን ተያዘ። አያልነህ የሚባለው አንደኛ ሚዜ «እንግዲያውስ የእሑዱ ልምምድ ነበር በሉኛ! እኔ በልምምድ ነው እንዲያ ጉልበቴ እስኪከዳኝ የጨፈርኩ?» ሲል ሰው ሁሉ በሳቅ ወደቀ። ጎረቤታችን እማማ ጥሩነሽ ነጠላቸውን እያጣፉ መጡ። «እሑድ አፌን ገጥሜ ነው የተነሣሁት፤ ዛሬ እስቃለሁ። ደግ አደረገ መበላሸቱ» አሉ። ሰው እንዴት ቸር ነው! ያ ሁሉ ሰው የእርሻ ሥራውን ትቶ፣ ልብሱን ለብሶ፣ የእኔን ጥፋት ሊሸፍንልኝ በፀሐይ ቆመ። ምን እየሸፈነ እንደሆነ ግን ያወቀ የለም።

የቀሩት አባቴ ብቻ ናቸው። ከሰኞ ማታ ጀምሮ መደብ ላይ ነበሩ። ገብቼ አጠገባቸው ቆምኩ።

«አባባ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ቢደግሙልን።»

«አንሥተሽኝ የለም እንዴ?»

«አንሥቻለሁ። ግን …»

«ታዲያ ያችን ያዣት። አንድ መልክ ላለው ሰው ሁለት ፎቶ ምን ያደርግለታል?» ብለው ሳሉና ወደ ግድግዳው ዞሩ። እውነቱን ለመናገር አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። «እሺ አባባ» ብዬ ወጣሁ።

ደጅ ስወጣ አያልነህ ካሜራውን ከእጄ ነጠቀኝ። «ካሜራ ያዥ ሁልጊዜ ከሰርጉ ይቀራል። ነይ፣ ከእህትሽ ጎን ቁሚ።» ሻሼን አስተካክዬ ቆምኩ። ደጊቱ ወገቤን አቀፈችኝ። ደስ አለኝ፤ በዚያ ሁሉ ሳምንት ደስ ያለኝ በዚያች ቅጽበት ብቻ ነበር። ካሜራውን ሲመልስልኝ ጥግ ላይ ያለችው ቁጥር ሠላሳ ትላለች።

ቅዳሜ ጋሽ ሰይድ ሚሞሪ ካርዷን ከፍተው አዩ። ትንሽ ቆይተው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ሙሉ፣ ይህ የመልስ ነው። የሰርጉ የት አለ?»

ነገርኳቸው። በሩን ዘጉት፤ ቅዳሜ ገበያ ቀን በር ሲዘጉ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። አልተሳደቡም። የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው።

«ከሰረዝሽ በኋላ ነው እነዚህን ያነሣሽ? በዚችው ካርድ ላይ?»

«አዎ።»

«ሠላሳውንም?»

«ሠላሳውንም።»

«ያረቢ!» አሉና ራሳቸውን ያዙ። «ምነው በነገርሽኝ! እንዲሁ ብታስቀምጫት ኖሮ ሁሉም ይመጣ ነበር እኮ ልጄ። ሁሉም!»

ካርዷን በባዶ የክብሪት ቤት ውስጥ ከተው፣ ክብሪቱን በመሀረብ ጠቅልለው ሰጡኝ። ደሴ ኮምፒውተር የምትሠራ ሐያት የምትባል ዘመዳቸው አለች። ሰኞ ሊነጋጋ ሲል ተሳፈርኩ። ጥቅሏን ደረቴ ውስጥ ይዤ ውዳሴ ማርያም ስደግም ሄድኩ። አቀስታ ስንደርስ ውርጩ ገና ከሣሩ ላይ አልተነሣም፤ በመኪናው መስኮት የተቀቀለ ድንች የሚሸጡት ሴቶች እጃቸውን በብብታቸው ያሞቃሉ። አንድ ድንች ገዝቼ ሳልበላ በእጄ ያዝኩት፤ ለሙቀቱ ብዬ። ለእመቤታችንም ተሳልኩ፤ የአባቴ ፎቶ ከወጣልኝ ለቤተ ክርስቲያኗ ጥላ አስገባለሁ ብዬ።

ሐያት ከእኔ በዐሥር ዓመት የምትበልጥ፣ ፈጣን፣ ስትሠራ ከኮምፒውተሩ ጋር የምትጣላ ሴት ነበረች። «አብሽሪ» አለችኝ ገና ከማየቷ። «ካሜራ ሲሰርዝ ፎቶውን አያጠፋም። ማውጫውን ነው የሚያጠፋ። መጽሐፉ እዛው አለ። ግን ሌላ ስትጽፊበት ያኔ ነው የሚጠፋው። ገባሽ?»

ገባኝ። እንዴት አይገባኝ? የቁም ጸሐፊ ልጅ ነኝ። አባቴ የፋቁትን ብራና በፀሐይ አንጻር ስይዘው የጥንቱ ፊደል እንደ ጥላ ይታየኝ ነበር። አዲስ ቀለም ከፈሰሰበት በኋላ ግን ማንም አያነበውም። ይህን በስድስት ዓመቴ ነው ያወቅሁት፤ በዐሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ግን አልረዳኝም።

ፎቶዎቹ አንድ በአንድ መምጣት ጀመሩ። ጭፈራው መጣ። ጠላው መጣ። የአያልነህ ትከሻ፣ የእማማ ጥሩነሽ የተገጠመ አፍ፣ ከዳሱ ሥር የተኛው ውሻ፣ የማን እንደሆነ የማላውቀው ሰው ጀርባ፤ ሁሉም እንደ ነበሩ፣ አንድም ሳይጎድል። ከሠላሳ አንድ እስከ መቶ ዐሥራ ሁለት።

«ከዚያ በፊት ያሉትስ?»

«አዲሶቹ ከመጀመሪያው ጀምረው ነው ላያቸው ላይ የተቀመጡ። ሃያ ዘጠኙ የሉም።» መቅደሱን ያነሣሁባቸው አራቱም ከእነዚያ ጋር ሄደዋል፤ አባቴ ያዘዙኝ በሚገባ ተፈጽሟል።

«ሠላሳኛውስ?»

ብዙ ቆየች። ሻይ አስመጣችልኝ፤ ቀዘቀዘ። በመጨረሻ ወደ እኔ ዞረች።

«እህቴ፣ ፎቶ እንደ ደብዳቤ ነው፤ ከላይ ወደ ታች ነው የሚጻፈው። የዚህኛው ላዩ በሌላ ፎቶ ተበልቷል። ታችኛው አለ፣ ግን ራስ የሌለው ነገር አይከፈትም። ከሌላ ፎቶ ራስ ተውሼ ቀጠልኩለት። ይኸው።»

ከላይ አመድ የመሰለ ግራጫ። ከዚያ በታች ትንሽ አረንጓዴ የመታው ሥዕል፤ ከጢማቸው ጫፍ ጀምሮ። መስቀል የያዘው እጅ። ጉልበታቸው። የእህቴ የተደፋ ራስ፣ በላዩም ቀለም የማይለቀው የጸሐፊ ጣታቸው። ፊት የለም።

«በላዩ ላይ የተቀመጠው የትኛው ነው?» አልኳት፤ እያወቅሁት።

የመጨረሻውን አዲስ ፎቶ ከፈተችው። ሻሽ ያስተካከለች ልጅ ከእህቷ ጋር ቆማ ትስቃለች። በጣም ጥርት ያለ ፎቶ ነው።

«ይህች ባትኖር ይመጣ ነበር» አለች ሐያት። ከዚያ ማን እንደሆንኩ አየችና ልትመልሰው ፈለገች። «ማለቴ … ላይሆንም ይችል ነበር።»

መካነ ሰላም ስመለስ ጋሽ ሰይድ የታተመውን አዩና ካሜራውን በአዲስ ካርድ አንገቴ ላይ አጠለቁልኝ። «አሁኑኑ ሂጅ። ተኝተውም ቢሆን አንሻቸው።» እየሮጥኩ ማለት ይቻላል ሄድኩ። እናቴ ደጃፍ ላይ ቆማ ካሜራውን ስታይ በሩን በሰውነቷ ሞላችው።

«በዚህ መልኩ? የለም ልጄ። አጥንቱ ወጥቶ ሳለ እንዲህ ሆኖ እንዲቀር አልፈቅድም። ፋሲካ ይምጣ፣ ይፈስክ፣ ሥጋ ያውጣ፤ ያን ጊዜ ታነሽዋለሽ። ደግሞስ አንሥተሽው የለም እንዴ?»

ከውስጥ የአባቴ ድምፅ መጣ። «ሙሉ ናት? ያችን ፎቶ አሳጠብሻት?»

«አዎ አባባ። ደሴ ናት።»

«ደግ።»

ዐቢይ ጾም በገባ በሦስተኛው ሳምንት ዐረፉ። በእኛ አገር ለቅሶ ላይ የሟቹ ፎቶ በአልቃሾቹ መካከል ከፍ ብሎ ይያዛል። የአባቴን ተራ ጥምጥማቸውና የቀለም ቀንዳቸው ያዙት። ደጊቱ ከጋሽ ሰይድ ጠይቃ ሁሉን ሰምታለች። በሰው መካከል ወደ እኔ መጥታ፣ ሳትጮህ፣ «የአባቴን ፊት በራስሽ ፊት ሸፈንሽው» አለችኝ።

እንደገና አንሺ ያልሽኝ አንቺ ነሽ አላልኳትም። ያን ቀን አላልኩም፤ ከዚያም ወዲህ አላልኩም። ስንት ዓመት ይህን ዝምታዬን እንደ ትዕግሥት ስቆጥረው ኖርኩ። ይኸው ዛሬ ጻፍኩት፤ ትዕግሥት አልነበረም ማለት ነው።

የንስሐ አባቴ ስለ መቅደሱ ፎቶ ስግደት ሰጡኝ፤ ሰገድኩ። ስለ አባቴ ስነግራቸው ግን «ይህ ኃጢአት አይደለም ልጄ፣ ስሕተት ነው» አሉኝ። ሊያጽናኑኝ ነበር። ለኃጢአት ስግደት አለው፣ ጾም አለው፣ «ይፍታሽ» አለው። ለስሕተት ምን አለው? ስለቴንም አስገባሁ። ግማሽ ፎቶ ነው የወጣልኝ፤ ግማሽ ጥላ ግን የለም። በዓመቱ የመዝገብ ቤት ሥራ ተገኘልኝ፤ ሰው ሁሉ ሩቅ ነው ያለውን ጋምቤላን ያለ ማመንታት ፈረምኩ። እዚህ የማንም ወረቀት ከእኔ እጅ ጠፍቶ አያውቅም። አለቆቼ ይመሰክሩልኛል።

ልጄ ውኃውን ይዛ ተመለሰች። ጠጣሁ።

«አልወደድሽውም?» አለች።

«አባቴ አይደሉም።»

«እሺ፣ ጢሙን ላሳጥረው? ላስረጀው? የምትፈልጊውን ንገሪኝ፣ ያስተካክለዋል።»

ምን ብዬ ልንገራት? ለመናገር ሞከርኩ። አፍንጫቸው ረጅም ነበር ብዬ ጀመርኩና ቆምኩ። ረጅም ነበር? ሽማግሌው ከስልኩ ውስጥ ያየኛል። የአባቴን ፊት ከሐሳቤ ውስጥ ላወጣ ስል የሚመጣው እሱ ነው፤ ያ ጥርሱ፣ ያ ፈገግታው። ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው ያየሁት። በላያቸው ላይ መጻፍ ጀምሯል።

«አጥፊው» አልኳት።

«እማ …»

«አጥፊው አልኩ።»

ስልኩ ጠየቃት። እጇን ያዝኩ፤ ጽሑፉን ራሴ አነበብኩት፣ ሁለት ጊዜ። ከዚያ ጣቷን ለቀቅኩላት። ሽማግሌው ከመስኮቱ ወጣ።

«ጠፋ?» አልኳት።

«ጠፋ» አለች፤ ቅር ብሏታል። «ደግሞ ሐሳብሽን ከቀየርሽ ችግር የለም። ሠላሳ ቀን ድረስ መመለስ ይቻላል።»